ሁለተኛው አሜን

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አሜን ሁለት ጊዜ ይባላል። መጀመሪያ ሰባኪው በአማርኛ ሲናገር አማርኛ የሚሰማው ወገን ይላል፤ ቀጥሎ እኔ ያንኑ በቤንችኛ ስመልሰው በግራ በኩል ያሉት እናቶችና አባቶች ይላሉ። ሳቁም እንደዚሁ ነው። እንግዳ ሰባኪ ይህን አያውቅም። ቀልዱን ተናግሮ ግማሹ ሕዝብ ሲስቅለት ደስ ይለዋል፤ ወደ ቁም ነገሩ ሊገባ አፉን ሲከፍት ደግሞ ቀሪው ግማሽ ይስቅበታል።

ሃያ ሁለት ዓመት አስተርጉሜአለሁ። አባቴ ለቡና ሥራ ከመሀል አገር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ እናቴ የቤንች ልጅ ናት። በአዘቦቱ ቀን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እሁድ እሁድ ከሰባኪው በስተቀኝ እቆምና እሱ እጁን ሲያነሳ አነሳለሁ፣ እሱ አትሮኖሱን ሲደበድብ እደበድባለሁ። የሰው ቃል ተሸካሚ ነኝ። ተሸካሚ ጆንያው ውስጥ ስላለው ነገር አይጠየቅም፤ ራሴን የማጽናናው በዚህ ነበር።

አሁን ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል። በማን ላይ እንደምናደድ ለይቼ ማወቅ ብችል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አንዱን ስተው ሌላው ይመጣብኛል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ራሴው ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በግድያ ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር ባልደረባ ነበረኝ። በመምህራን ክፍል ወንበሮቻችን ጎን ለጎን ነበሩ፤ ቀይ እስክሪብቶዬን እየወሰደ አይመልስም ነበር። አንድ ቀን ከሸዋ ቤንች ወረዳ ሲመለስ በቡናው መሀል በሚያልፈው ጥርጊያ መንገድ ላይ አንድ ጎረምሳ አድፍጦ ጠብቆ በገጀራ ገደለው። ጠቡ የድንበር ነበር። የባልደረባዬ የቡና ማሳ ከጎረምሳው አባት ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ አባትየው ከሞቱ በኋላ ልጁ “ድንበራችን ተገፍቷል” እያለ ሲዝት ከርሟል። ሁለት ቀን እዚያው ቦታ እየሄደ እንዳደፈጠ ተመሰከረበት። ሞት ተፈረደበት፤ ይግባኙም ሳይሰምርለት ቀረ።

የሟች ሚስትና የገዳዩ እናት የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ሚስቲቱ በቀኝ በኩል ከመዘምራኑ ኋላ ትቀመጣለች፤ እናትየዋ በግራ በኩል በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከግድያው በኋላ አንዷም ቤተ ክርስቲያን አልቀየረችም። ይህን ነገር ለእንግዳ ስነግር “የሚገርም እምነት ነው” ይለኛል። እኔ ግን ሌላ ጸሎት ቤት የሚሄዱበት መንገድ ጭቃው ጉልበት ድረስ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ይሆናል።

እናትየዋ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎደሬ ቀቅለው ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳሉ። አማርኛ ለገበያ ያህል ይሰማሉ፤ ስብከት ግን የሚደርሳቸው በእኔ በኩል ነው። የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቁት እንደማይፈጸም፣ ከዚያ በፊትም ይቅርታ መጠየቅ እንደሚቻል የነገራቸው ጠበቃው ነው። “ከቤተ ክርስቲያናችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ብታመጡ ይጠቅማል፤ ማመልከቻው ከዚህ ወር ማለፍ የለበትም” ብሏቸዋል። እሳቸውም ወደ ሽማግሌዎቻችን መጥተው ለመኑ፤ ልመናውንም ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ስምንት ናቸው። አምስቱ እሺ አሉ፣ ሦስቱ ፊታቸውን አጠቆሩ። ደብዳቤውን እኔ አረቀቅኩና እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሊፈረም ተቀጠረ። እናትየዋ የቀሯቸው አሥር ቀናት ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ግን “ነገሩን በቃሉ እናስመርምረው” ብሎ፣ በየሁለት ወሩ ከቴፒ እየመጣ የሚያገለግለን መጋቢ በዚያው እሁድ ስለዚሁ ጉዳይ እንዲያስተምር አደራ አለው።

መጋቢው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ ባጠረልኝ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ በዝናብ ሞተር ሳይክል እየነዳ እስከ አንገቱ ጭቃ ለብሶ ይመጣል፣ ሸሚዝ ቀይሮ ይሰብካል፣ ቀን ሙሉ በሽተኛ ሲጠይቅ ውሎ ይመለሳል። የውሎ አበል ሲሰጡት አንድም ቀን ተቀብሎ አያውቅም።

የዚያን እሁድ ገና እንደጀመረ ዝናቡ መጣ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲወርድበት እንኳን ስብከት የራስህ ሐሳብም አይሰማህም። ልማዳችን ሰባኪው ዝም ብሎ መዘምራኑ እንዲዘምሩ ነው፤ እነሱም አይሰሙም፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን። እኔም እንደ ሕዝቡ ቁጭ ብዬ “ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ይዝነብ” እያልኩ ጸለይኩ። በሃያ ደቂቃ አባራ። ሚዛን ውስጥ ዝናብ የሚያባራው ሲፈለግ ሳይሆን ሳይፈለግ ነው።

መጋቢው ቀጠለ። “ይቅርታ የእኔና የእናንተ ነው፤ ሰይፍ ግን የመንግሥት ነው” አለ። ይህን ልክ እንዳለው አስተረጎምኩት። “መንግሥት ሰይፉን የታጠቀው ለጌጥ አይደለም” አለ። ይህንንም አደረስኩ። ከዚያ እጁን አነሳና “ደም ያፈሰሰ ሰው በሕግ ቢሞት እግዚአብሔር አያዝንም፤ ያዘዘው ራሱ ነው!” አለ። በቀኝ በኩል ያለው ወገን አሜን አለ።

ተራዬ ደረሰ። እኔም እጄን አነሳሁ። በሩ አጠገብ ያሉትን እናት አየኋቸው፤ የመንገዱ ጫጫታ ስለሚያስቸግራቸው እጃቸውን ጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ ፊት ዘንበል ብለዋል። ቃሌን የሚጠብቁት እንደዚያ ነው፣ ሁልጊዜ። ሃያ ሁለት ዓመት ያላደረግኩትን አደረግኩ። በቤንችኛ፣ አትሮኖሱን እየመታሁ “ደም ያፈሰሰ ሰው ቢሞት እግዚአብሔር ያዝናል፤ የሚፈልገው እንዲመለስ ነው!” አልኩ።

ሁለተኛው አሜን ከመጀመሪያው በለጠ።

መጋቢው ይህን ሲሰማ ሞቀው። የቤንች እናቶች እንዲህ የተቀበሉት መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። “ምሕረት፣ ምሕረት እያላችሁ የሟችን ቤት አታራክሱ!” አለ። እኔ “የሟችን ቤት አስቡ፣ ምሕረትንም አትርሱ!” አልኩ። አሜን! “ከመስቀሉ ጎን የነበረው ወንበዴ እንኳ ገነት ተሰጠው እንጂ ከመስቀሉ አልወረደም!” አለ። እኔ “ከመስቀሉ ጎን ለነበረው ወንበዴ እንኳ ገነት ተሰጠው!” ብዬ ቀሪውን ዋጥኩት። አሜን! እሱ ሲጨምር እኔም እጨምራለሁ፤ ላብ ጀርባዬን ያጠምቀኛል። ሁለታችን በአንድ ማይክ ሁለት ስብከት ሰበክን።

“ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ወይ?” የሚለኝ ይኖራል። ግማሹ ያውቃል። ግን ሁለቱን የሚያውቅ ሰው አስተርጓሚን አይሰማም። የመጀመሪያውን ሰምቶ፣ እኔ ስናገር ስልኩን ያያል፣ ልጁን ይቆጣል፣ ያዛጋል። ይህን ስለማውቅ ነው የደፈርኩት።

ያላወቅኩት እናትየዋ እንደሚነሱ ነው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ከሁሉ በኋላ ብቻቸውን አንዴ አሜን አሉ። መጋቢው ማን እንደሆኑ ያውቃል። ወደ ሕዝቡ ዞሮ “አያችሁ?” አለ። “የወለዱት እናቱ ራሳቸው የእግዚአብሔርን ፍርድ ተቀበሉ። እኛ ከእሳቸው በላይ ልንራራ ነው?” ከመድረክ ወርዶ ትከሻቸውን ሳማቸው። አማርኛ የሚሰማው ሕዝብ አለቀሰ፤ አንዳንዱ አጨበጨበ። እናትየዋ ምርቃት መስሏቸው እጁን ይዘው ሳሙት።

ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ እንዳስተረጉም። “እግዚአብሔር ያጽናዎት ብሏል” አልኩ።

ያን ጊዜ፣ እዚያው፣ “ቆይ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ማይኩን አጥፍቼ መዝጊያው መዝሙር እስኪያልቅ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም፤ አውቄ ነው።

ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጓዳ ውስጥ ተሰበሰቡ። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ሰብሳቢው እንኳ አላነበቡትም፤ መልሰው አጠፉት። “እናትየዋ በአደባባይ ከተቀበሉት እኛ ከማን ጋር ልንሟገት ነው?” አሉ። ቀደም ሲል እሺ ካሉት አንዱ ደግሞ፣ መልካም ሰው፣ ልጁን ማረሚያ ቤት ድረስ እየሄደ ያስተማረው እሱ ነው፣ እንዲህ አለ። “ልጁ ንስሐ ገብቷል፣ ድኗል። ነፍሱ ከዳነች ሥጋው ቢሞት ምን ይጎድልበታል? እንዲያውም ቢቆይ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።”

ይህን ስሰማ መቀመጫው አልያዘኝም። “እኛም ድነናል አይደል? ታዲያ ወባ ሲይዘን ወደ ጤና ጣቢያ የምንሮጠው ለምንድን ነው?” አልኩት። ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሰብሳቢው “መምህር፣ አንተ ረቂቁን ጻፍ ተባልክ እንጂ ሽማግሌ አልተባልክም” አሉኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። አሁንም አልተናገርኩም። ሌላው ሲያጠፋ ምላሴ ስለታም ነው።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት የሟች ሚስት መምህራን ክፍል መጣች። ቤተሰቦቿ ከከምባታ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነ ቤንችኛን ከእኔ ባላነሰ ትናገራለች። አልተቀመጠችም።

“እሱ ሲናገር አሜን አልኩ” አለችኝ። “አንተ ስትናገር አላልኩም። ሰምቼሃለሁ፣ መምህር።”

እሷን ረስቻት ነበር። አስተርጓሚን ማን ይሰማል ስል አንዲት ሴት እያንዳንዱን ቃል በሁለቱም ቋንቋ ስትሰማ ኖራለች። “ለሽማግሌዎቹ ትነግሪያቸዋለሽ?” አልኳት። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፤ ያሳፍረኛል።

“አልነግርም። ግን ልጁ እንዳይሞት ከፈለግህ ወደ እኔ ና። ቁጭ ብለህ ንገረኝ። እኔ እጮህብሃለሁ፣ አንተም ትሰማኛለህ። የባሌን ደም እኔ ሳልጠየቅ በጎን አታጽዳው።” ነጠላዋን አስተካከለች። “ልጆቼ ‘አባባን የገደለው ሰውዬ ይሞታል ወይ?’ ይሉኛል። አንዳንድ ቀን አዎ እላቸዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አይ። እኔ ራሴ የቱን እንደምፈልግ አላውቅም፤ እናንተ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።”

ደወሉ ተደወለ፣ እሷም ሄደች። ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

እስከ ረቡዕ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። “የገዳዩ እናት ልጇን ለፍርድ ሰጠች” ተባለ፤ ጎረቤታችን አማን ከተማ ድረስ ደረሰ፤ ከጠበቃው ጆሮም ገባ። ደውሎ “እናቱ ፍርዱን ከተቀበሉ እኔ በማን ስም ነው የምለምነው?” አለኝ። ያኔ ነው የቆረጥኩት። ረቡዕ ማታ ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኳቸው፤ መጋቢውም ከቴፒ መጣ፤ ያደረግኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ እኔ ተነጋገሩ። ቃሉን መለወጥ ምን ያህል ኃጢአት እንደሆነ፣ በፊትስ ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጌ ይሆን፣ እግዱ ስድስት ወር ይሁን ወይስ ዓመት፣ ማይኩን ማን ይያዝ። አንዱ የዛሬ አራት ዓመት ስለ አሥራት የተሰበከውን ስብከት በትክክል አስተርጉሜ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉንም ቻልኩ፤ ይገባኛል። ዓመት ታገድኩ። ከዚያ “ደብዳቤውስ?” አልኩ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። “መሽቷል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ” አሉ። የሚቀጥለው ስብሰባ ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ነገርኳቸው። “እግዚአብሔር ጊዜ አለው” አሉኝ።

እግዚአብሔር ጊዜ አለው! ጊዜ የሌለው ልጁ ነው። የአንድ አስተርጓሚ ምላስ ሦስት ሰዓት ወሰደ፤ የአንድ ሰው አንገት አሥር ደቂቃም አላገኘም።

ስወጣ መጋቢው ተከተለኝ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመን፣ የዝናቡ ውሃ ከፊታችን እየወረደ፣ “አታለልከኝ፣ ጋሼ” አለኝ። “ያችን እናት በሕዝብ ፊት የልጃቸው ሞት መስካሪ አደረግኳቸው። ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ያስደረግከኝ ግን አንተ ነህ።”

ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ከልቤ። ግን ንዴቴ አልበረደም። “መንግሥት ራሱ እጅ የለውም” አልኩት። “ሰይፉን የሚይዘው እጅ የእኔና የአንተ ነው። የሚፈርደው ዳኛ እሁድ ከእኛ ጋር ይዘምራል። ገመዱን የሚስበውም የሆነ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይቅር በለኝ የሚል ሰው ነው። ይቅርታ በሸሚዙ ኪስ፣ ሰይፍ በደንብ ልብሱ እንዴት ይሆናል?”

“የማረሚያ ቤቱን በር የሚቆልፈውም የእኛው ሰው ነው” አለ። “ይቅር ብለሃልና ክፈት ልትለው ነው?”

ለዚህ መልስ እስካሁንም ያገኘሁ አይመስለኝም፤ ያ ነው የሚያናድደኝ። እሱ ቀጠለ፤ እህቱን ቴፒ መንገድ ላይ ሽፍቶች እንደገደሉበት፣ ገዳዮቹ እንዳልተያዙ፣ እናቱ እስክትሞት በሩን ስታይ እንደኖረች። “ምሕረት የሚጣፍጠው ፍርድ ላገኘ ሰው ነው” አለ። ደግሞም “ደብዳቤውን አትጻፉ አላልኩም እኮ። ቢጽፉ አልቃወምም” አለ።

“ታዲያ ለምን እንደዚያ ሰበክህ?”

“ተጠየቅኩ፣ ጋሼ” አለኝና ሞተሩን ሊያስነሳ ሄደ። እንደዚህ ያለ ነገር! አንዱ ስለተጠየቀ ይሰብካል፣ ሌላው ስለመሸ ያስተላልፋል፣ ሦስተኛው ስላዘነ ይዋሻል፤ ሁላችንም ጌታ ይባርክህ ተባብለን ወደየቤታችን እንገባለን።

በማግሥቱ ከሥራ በኋላ ወደ እናትየዋ ቤት ሄድኩ። በራፉ ላይ ቁጭ ብለው ጎደሬ ይልጣሉ። መጋቢው በትክክል ምን እንዳለ፣ እኔ ምን ብዬ እንዳደረስኩ፣ አሜናቸውም ምን እንደተደረገበት በቤንችኛ ነገርኳቸው። ምንም ሳላስቀር ስናገር ቋንቋው ራሱ አፌ ውስጥ ከበደኝ።

ቢላዋቸውን አላቆሙም። “አውቄአለሁ” አሉ። “ሰኞም ማክሰኞም ሴቶች እየመጡ እጄን ያዙኝ። እንዴት ያለ እምነት ነው፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ አሉኝ። ልጄ ሳይሞት ለቅሶ ደረሱኝ። ምን ሆኜ ነው ብዬ አጣርቼ ጠየቅኩ።”

“ይቅር ይበሉኝ። አዝኜልዎ ነው።”

“አዘንክልኝ” አሉ። የላጡትን ወደ ውሃው ወረወሩ። “ልጄ የተያዘ ዕለት ፖሊስ ጣቢያው አጥር ጋ አንተም ነበርክ። እኔ ከኋላህ ነበርኩ፤ ተሸፋፍኜ። ሕዝቡ ‘ለእኛ ስጡን’ ሲል አንተም ስጡን አልክ። በእኛ ቋንቋ ነው ያልከው። ‘ፍርድ ቤት አያስፈልገውም፣ ስጡን’ አልክ። ያን ቀን ማንንም እያስተረጎምክ አልነበረም።”

ረስቼው ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነት ነው፣ ረስቼው ነበር። ያን ቀን ከአስከሬን ክፍል መመለሴ ነበር፤ ባልደረባዬን በእጁ ሰዓት ነው የለየሁት። ጮኼአለሁ። የአጥሩን ሽቦ ይዤ ነቅንቄአለሁ። ከዚያ በኋላ በነበረው ጊዜ ሁሉ ራሴን የማውቀው ምሕረት እንደሚፈልገው ሰው፣ በጨካኞች መሀል እንዳለ ብቸኛ ሩህሩህ ነበር።

“እንግዲህ እሁድ የተናገርከው የማን ቃል እንደሆነ አላውቅም” አሉ። “የእሱ እንዳልሆነ ነገርከኝ። የአንተም ከሆነ አላውቅም። ዛሬም ያው ‘ስጡን’ ከሆነ ቃልህ ሂድ፣ አልቀየምህም፤ ጓደኛህ ነበር። ካልሆነ ግን በራስህ ስም ጻፍልኝ። ማኅተም ባይኖረውም ጻፍልኝ።”

ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ሟች ቤት ነው። ቁጭ ብዬ፣ ልጁ እንዳይሞት በስሜ ልጽፍ እንደሆነ ለሚስቱ ነገርኳት። እንዳለችው ጮኸችብኝ። ልጆቿ በመጋረጃው አጮልቀው እያዩኝ፣ አፌን ሳልከፍት ሰማኋት። ሲደክማት በሩን ከፈተችልኝ። “አትጻፍ” ግን አላለችም። “ጻፍ”ም አላለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እናትየዋ ቤት ተመለስኩ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የሟች የሥራ ባልደረባና ጓደኛ መሆኔን ጻፍኩ። ልጁ በተያዘ ዕለት ለእኛ ስጡን ብለው ከጮኹት አንዱ እንደነበርኩ ጻፍኩ። ምክንያቴን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ፤ ጥቅስ ጽፌ ሰረዝኩት፣ መጋቢው እንዴት እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ። በመጨረሻ “ያን ዕለት ቢሰጡን ኖሮ ምን እናደርግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ያንኑ ነገር በእኔ ስም በሕግ ቢያደርጉት የሚለየው ልብሱ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዳይሞት እለምናለሁ” ብዬ ፈረምኩ። ጥሩ ክርክር ይሁን አይሁን አላውቅም። ያለኝ እሱ ነው።

ከዚያ ለእናትየዋ በቤንችኛ አነበብኩላቸው፤ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉ፣ አጠፉት፣ ተነሡና ዘንቢላቸውን አነሡ። ወደ ማረሚያ ቤት የሚሄዱ መስሎኝ አብሬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን መንገዱን ተሻግረው ማዶ ካለው ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሲነግዱ ቤንችኛን አጥርተው ተምረዋል።

“አንብብልኝ” አሏቸው ወረቀቱን ዘርግተው። “የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም።”

ባለሱቁ እኔን አዩኝ። መነጽራቸውን አደረጉ። እኔ ውጭ፣ ጭቃው ላይ ቆሜ፣ የጻፍኩት ነገር በሌላ ሰው አፍ በቤንችኛ ሲነበብ ሰማሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኔ የቆሙት ሰባኪዎች ይህን ነበር የሚሰሙት፤ እንዴት እንደቻሉት እንጃ። “ስጡን” ከሚለው ሲደርሱ ባለሱቁ ቆም ብለው እንደገና አዩኝ፤ ከዚያ ቀጠሉ።

ሲጨርሱ እናትየዋ ወረቀቱን ተቀብለው በደረታቸው ሸጎጡት። ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉ።

“የሁለታችሁም አንድ ነው” አሉኝና ወደ ማረሚያ ቤቱ መንገድ ጀመሩ።